ለዘር የተውኩት ኪያር

ልጄ ሴና፣ ቃሉ የእኔ የአባትሽ ነው፤ ብዕሩን የያዘችው እናትሽ ባየሽ ናት። መሠረተ ትምህርት ሲመጣ እኔ በሬዎቼን ይዤ ስሸሽ እርሷ ተምራለች። ዋቃዮ ይጠብቅሽ፤ የሆላንድ ብርድ ይራራልሽ። እኛ ደህና ነን፣ እዚህ ጉደርም ዝናቡ መልካም ነው፤ ላሟ ወልዳለች።

የላክሽው የትንሹ ኪያር ዘር በቀለ። ጣት ሲያክል እየቀጠፍን እንደ ካሮት ቆረጠምነው። ጎረቤታችን ኦቦ ሙለታ «ይህማ የሕፃን ምግብ ነው» እያለ ኪሱን ሞልቶ ሄደ። እኔ እንደ ልማዴ ከሁሉ የሚያምረውን ለዘር ተውኩት። ቢጫ እስኪሆን ጠብቄ ብሰነጥቀው ውስጡ ውሃ ብቻ ነው፤ አንዲት ፍሬ ዘር የለበትም። ለካ ራሱ ዘር የማይሰጥ፣ በየዓመቱ አዲስ ዘር የሚገዛለት ዓይነት ኖሯል። ሙለታ እስካሁን ይስቃል።

በዕድሜዬ ዘር ለምኜ አላውቅም፣ ከልጄም አልለምንም። በሰው እጅም እንዳትልኪ። ከሄድሽ ወዲህ አንድ ጊዜም አልመጣሽም፤ መውቀሴ አይደለም። ለሚቀጥለው መዝሪያ ራስሽ ይዘሽው ነይ፤ መደቡን ቆፍሬ እጠብቃለሁ። የዘራሽው ይብቀል፣ የረገጥሽው ይለምልም።

በይ ባየሽ፣ አሁን አንብቢልኝ። «ናፍቀሽኛል» የሚል ጨምረሽ ከሆነ፣ እኔ አላልኩም። ግን አትሰርዢው።