ደወሉን ለዘሃራ ሰጠኋት

ሰኞ

አራት የሚዜ ቀሚስ፤ የተቆረጠው አንድ! ከልብስ ፋብሪካ ከወጣሁ ሁለት ወር ሆነኝ፣ የራሴ አለቃ ሆኜ ደግሞ እንደኔ ያለ ሰነፍ ሠራተኛ አላየሁም። ጠዋት ስፌት መኪናዬ ላይ ቁጭ አልኩ። ስልክ ነካካሁ። ጎረቤቴ ዘሃራ ገባች፣ አወራን። ክር ልገዛ ቀፊራ ገበያ ሄድኩ፣ ክሩን ረስቼ ሽንኩርትና ቲማቲም ይዤ ተመለስኩ። መሸ።

ቀሚሶቹ ዓርብ ማታ መድረስ አለባቸው፤ ሠርጉ እሑድ ነው። የሙሽራዋ እናት ወይዘሮ ሐዋ ዘመዳቸው ብዙ ነው፣ ከወደዱልኝ ሥራ አገኘሁ ማለት ነው። ካልሆነስ? የፋብሪካው የመስመር ኃላፊ ዛሬ ደውላ “ቦታሽ ክፍት ነው፣ እስከ ቅዳሜ አሳውቂኝ” ብላኛለች። መመለስ አልፈልግም። እዚያ የምቀመጠውም የምነሳውም በደወል ነበር።

ማታ ባለቤቴ ሳሙኤል ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? አላርም ሙዪ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ሥሪ፣ ሲጮህ አምስት ደቂቃ እረፊ፣ ከዚያ እንደገና። ከደወል የሸሸሁ ሴትዮ ደወል ቤቴ ላስገባ! ሳቅሁበት። ግን እሞክረዋለሁ፣ ምን ምርጫ አለኝ።

ማክሰኞ

ሠራ! ስልኩን ቁምሳጥኑ ላይ አስቀመጥኩት፤ ለማጥፋት መነሳት ግድ ነው። ስነሳ ፊቴን እታጠባለሁ፣ ወገቤን አፍታታለሁ፣ ውሃ እጠጣለሁ። ስልክ መነካካት የለም። የቀሩትን ቆርጬ ጨረስኩ፣ አንዱን ሰፋሁ። ኮራሁ፣ እውነቴን ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቅር አለኝ። ዘሃራ ስታንኳኳ “እስኪጮህ ጠብቂኝ” አልኳት። “ጎረቤትም በቀጠሮ ሆነ እንዴ?” ብላ ሄደች። ሲጮህ ወጥቼ ብጠራት በሯን ዘግታለች።

ረቡዕ

ጥጋቤ ጉድ ሠራኝ። ትናንት ስለቀናኝ ቀትሩንም ልሥራበት አልኩ። ድሬዳዋ ምሳዋን በልታ በሯን ዘግታ ስትተኛ እኔ አንገቴ ላይ ፎጣ ጠምጥሜ ከሙቀቱ ጋር ስታገል። ሰዓት አተረፍኩ ብዬ ቀና ስል የቀኙን እጅጌ በግራ፣ የግራውን በቀኝ ገጥሜዋለሁ። ስፌት ስፈታ ዋልኩ።

የባሰው አላርሙ ነው። የዘሃራ ባል ሌሊቱን ሙሉ ከጅቡቲ ከባድ መኪና ሲነዳ አድሮ ተኝቷል፣ ግድግዳችን ደግሞ አንድ ነው። ዘሃራ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ መጣች። “አባዮ፣ እህቴ፣ ከፋብሪካ ወጣሁ ትያለሽ፣ ወላሂ እኛን ሁላችንን ነው ፋብሪካ ያስገባሽን!” መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ይቅርታ ጠየቅኳት። የተበላሸውን ቀሚስ አሳየኋትና እንባዬ መጣ። “ስልኩን አምጪ” አለች። ወሰደችው።

ሐሙስ

አዲሱ ሕግ የዘሃራ ነው። ጎህ ሲቀድ መጀመር፣ ቀትር ላይ እንደ ሰው መተኛት፣ ፀሐይዋ ስትበርድ እንደገና። ስልኩ እሷ ጋ ነው፣ ድምፁ ጠፍቶ። ሰዓቱ ሲሞላ ግድግዳውን ሁለቴ ትመታለች፣ እወጣለሁ። በረንዳዋ ላይ ቅርንፉድ የገባበት ሻይ ወይ ቁራጭ ፓፓያ ይጠብቀኛል። ወሬው ጣፍጦኝ ስደላደል “አለቀ፣ ግቢ!” ትለኛለች። እንዲህ ያለች ኃይለኛ አለቃ ፋብሪካም አልነበረችኝ። ትኩስ ሻይ በአምስት ደቂቃ መጠጣት ተማርኩ።

የተበላሸው ተስተካከለ፣ ሦስተኛው ቀሚስም አለቀ። ባሏም እንቅልፉን ጠግቦ ሰላም አለኝ። ደስ ብሎኛል።

ዓርብ

የመጨረሻው ቀሚስ ጫፉ ብቻ ሲቀር መብራት ጠፋ። ዘሃራ “እጅሽም በመብራት ነው እንዴ የሚሠራው?” ብላ መርፌ ይዛ መጣች። በረንዳዋ ላይ በአንድ በኩል እሷ፣ በሌላው እኔ ሰፋን። ያኔም ቢሆን ሰዓቱ ሲሞላ አስነሳችኝ።

ወይዘሮ ሐዋ ሲመጡ ቀሚሶቹን ገልብጠው የውስጥ ስፌታቸውን ነው ያዩት። የተፈታው እጅጌ ጋ ሲደርሱ ትንፋሼን ያዝኩ። አለፉት። “ማሻአላህ፣ እጅሽ ይባረክ ልጄ” ብለው ከፍለው ሄዱ። ስለ ሌላ ሥራ ምንም አላሉም። ልጠይቅ አስቤ አፈርኩ።

ቅዳሜ

ለፋብሪካው መልስ የምሰጥበት ቀን። ስልኬን ልቀበል ዘሃራ ጋ ገባሁ። “ኃላፊሽ ደውላ ነበር” አለችኝ። “ምን አልሻት?” አልኳት። “ሥራ ላይ ናት፣ ስታርፍ ደውዪላት አልኳት።” ሳቄ መጣ፣ ፍርሃቴም አብሮ መጣ። የምን ሥራ? እጄ ላይ አንድ ጨርቅ የለም። ቢሆንም ደወልኩና አልመለስም አልኳት። “እርግጠኛ ነሽ?” አለችኝ። አይደለሁም፣ ግን አልመለስም አልኳት።

ስልኩን ዘሃራ ጋ ትቼ ቤት ገባሁ። ስፌት መኪናዬን ወለወልኩ። የሚሰፋ ነገር ሳይኖረኝ ቁጭ አልኩ። ግድግዳው ሁለቴ ተመታ። ስወጣ ዘሃራ በፌስታል ጨርቅ ይዛ በሬ ላይ ቆማለች። ለራሷ ድሪያ፣ ሰፊ ቀሚስ፣ ለነገው ሠርግ፤ እሷም ተጠርታለች። ለነገ! “በየትኛው ሰዓት ልሰፋው ነው?” ብላት “ሰዓቱ እኔ ጋ ነው” ብላ ጨርቁን እጄ ላይ ጥላው ገባች።

ቆርጬዋለሁ፣ አንዱን ጎን ሰፍቼዋለሁ። ይህን የምጽፈው በእረፍቴ ነው። ይኸው፣ ግድግዳውን መታች፤ እረፍቴ አለቀ።