ድልድዩ ላይ የቀረው ድግምት

ኮልፌ፣ ሐምሌ 18 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለምሳሳልህ ልጄ ለተክለማርያም፤

ይህ አምስተኛው ደብዳቤ ነው። የአራቱ መልስ አልመጣም። መንገዱ ይሆናል እላለሁ። እኛ ደኅና ነን። ዝናቡ አላባራም፤ ከአየር ጤና እስከ ቤት ጭቃ ብቻ ነው። እኔን ትንሽ ይደክመኛል። ሌላ ምንም የለም።

ጨዋታህን አላቋረጥንም። ከእንግሊዝኛ መምህርህ መጽሐፍ ገልብጠህ ያስተማርከንን፣ የአስማተኞቹንና የተዋጊዎቹን። ትናንት ከሰዓት በኋላ እህትህ ጽጌማርያም ካርታውን ዘረጋች። ጓደኛህ ጀይሉም ከጋራዥ መጣ፣ እጁ ግሪስ እንደነካው። ለብሔራዊ ውትድርና ከመሄድህ በፊት አስማተኛህ ድልድዩ ላይ የደገመው ጋሻ እስካሁን የጽጌማርያምንና የጀይሉን ተዋጊዎች ይከልላል። ደብተርህ ላይ ሕጉን ጽፈኸዋል፦ ድግምት የሚፈርሰው ደጋሚው ራሱ ሲያነሳው፣ ወይም ጠላት በዕጣ ሲያሸንፈው፣ ወይም ደጋሚው ሲሞት ነው። ርቀት አያፈርሰውም።

ጽጌማርያም እርሳሷን አስቀመጠች።

«አባዬ፣ ጋሻው ግን አሁንም አለ?»

ደብተርህን ገለጥኩ። ሐሙስ ዕለት ጀይሉ ከጦር ክፍልህ ቆስሎ የመጣ ልጅ ሊጠይቅ ሆስፒታል ሄዶ ነበር። ምን እንደሰማ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁትም። አሁን አንገቱን እንደደፋ፣ «ጋሼ፣ የጠላት ጠንቋይ ያፍርሰው» አለ። «ዕጣ ይውጣ። በዕጣ ቢፈርስ ይሻላል።»

«አበድክ እንዴ?» ሳቀችበት። «ያ ወፍራም ተዋጊህ በአንድ ዱላ ነው የሚዘረረው!»

«ይዘረር። አንቺ ሩጪ።»

እሱ አልሳቀም።

ቁጥር የጻፍክባቸውን ሃያ ቆርኪዎች በጣሳው አናወጥኩ። ከአሥራ አምስት በላይ ከወጣ ጋሻው ይፈርሳል። እጄን ከትቼ አንዱን አወጣሁ። አሥራ ዘጠኝ።

«ሦስት» አልኩ።

«እስቲ ያሳዩኝ!» አለች ጽጌማርያም።

ጨበጥኩት። ጠርዙ መዳፌን ወጋኝ። ዳኛ ያደረግከኝ ስለማላዳላ ነበር። አውቃለሁ።

«ሦስት ነው፣ አይቻለሁ» አለ ጀይሉ። ከተቀመጠበት ሆኖ ሊያይ አይችልም ነበር።

እህትህ እያጨበጨበች ወደ ጓዳ ገባች። ጀይሉ ኮቱን ለብሶ በሩ ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር።»

«ስለ ጨዋታው ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ይቆይ» አልኩት።

የኮቱን ኮሌታ አቆመ። ከዚያ ወደ ዝናቡ ወጣ። የሚመጣው እሑድ ሲመለስ ምን እንደምለው አላውቅም። ምናልባት አሞኛል እላለሁ።

ልጄ፣ እመቤቴ የቆምክበትን መሬት ታጽናልህ፤ የተኛህበትንም ታሙቅልህ። ይህን ደብዳቤ በቀድሞው አድራሻህ እልከዋለሁ። ሌላ ካለ ብዬ ማንንም አልጠየቅሁም።

አባትህ መኳንንት