መሳቢያ ውስጥ አልነበረም

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ነሽ? ሥራውስ? ጉንፋንሽ ለቀቀሽ ወይ? ያ እንቅልፍ የሚነሳሽ ጎረቤትሽስ አደብ ገዛ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። እሱም አብሮኝ ያረጀ ስለሆነ አልፈርድበትም።

ተቆጥተሽ የላክሽው መልእክት ደርሶኛል። ስንት ለፍቼ ያመጣሁልህን የጆሮ መሣሪያ መሳቢያ ውስጥ ከተህ፣ እኔ በስልክ ጉሮሮዬ እስኪላጥ ለምን እጮሃለሁ፣ ካላደረግከው አልደውልም ብለሻል። እውነትሽን ነው፤ መሳቢያ ውስጥ ነው ብዬ ለጆሮ ባለሙያዋ የነገርኳት ራሴ ነኝ። ግን ውሸቴን ነው።

ባለሙያዋ መጀመሪያ ጆሮዬ ላይ የገጠመችልኝ ቀን፣ ቀስ እያሉ ይልመዱት፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ፣ ደግሞም ከሰው ጋር እያወሩ አለችኝ። እንዳለችው አደረግሁ። ወይ ጉድ! ነጠላ ጫማዬ ለካ እንዲህ ይጮህ ኖሯል! ዳቦ ሳኝክማ ቤቱ የሚፈርስ መሰለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የኤሌክትሪክ መጋዝ ላይ ቆሜ ጆሮዬን የጨረስኩ አናጢ፣ የገዛ መንጋጋዬ አስደነገጠኝ። ብቻዬን ሳቅሁ። አሁን ግን ለምጄዋለሁ፤ ጠዋት ፊቴን እንደታጠብኩ አደርገዋለሁ፣ የማወልቀው ስተኛ ነው። በስልክም በልማድሽ ትጮሂያለሽ እንጂ ቀስ ብለሽ ብታወሪም እሰማሻለሁ።

ባለፈው ቀጠሮዬ ባለሙያዋ መሣሪያውን ከኮምፒውተሯ ጋር አገናኘችው። ለካስ ስንት ሰዓት እንደበራ ብቻ ሳይሆን ምን ዓይነት ድምፅ መሀል እንደዋለም ይናገራል። ሰላይ በይው! አየችውና ፈገግ አለች። አባባ፣ ቀኑን ሙሉ በርቶ ይውላል፣ የሰው ንግግር ግን የለበትም ማለት ይቻላል፣ ጸጥታ ብቻ ነው፤ አብርተው መሳቢያ ውስጥ ይተዉታል አይደል? አለችኝ። ለማሳፈር ብላ አይደለም፣ መልካም ልጅ ናት።

ምን ልበላት? ከጆሮዬ አልወረደም፣ የሚያናግረኝ ሰው ነው የጠፋው ልበላት? አዎ፣ መሳቢያ ውስጥ ነው አልኳት። ውሸታም መባሉ ቀለለኝ። እሷም ተቆርቁራ ላንቺ ደወለች።

እናትሽ በነበረችበት ጊዜ ሰው ያለውን ሁሉ ጆሮዬ ሥር ደግማ ትነግረኝ ነበር፣ ግማሹን ከራሷ እየጨመረች። እሷ ካረፈች በኋላ በጆሮዬ ሳሳብብ ኖርኩ። ሰው ጠርቶኝ ሳልሰማ ቀርቼ ይሆናል፣ በሩ ተንኳኩቶ ይሆናል እያልኩ። አሁን እሰማለሁ ልጄ። በሩን የሚያንኳኳ የለም።

የወጥ ቤቱ ቧንቧ ጠብ ጠብ ይላል። ጎማውን መቀየር ለኔ ቀላል ነበር፤ እስካሁን ግን አልነካሁትም። እሱም ዝም ካለ ምን ልሰማ ነው? የምትመጪበትን ቀን ብታውቂ ንገሪኝ፣ ስናወራ እንዳይረብሸን ቀድሜ እሠራዋለሁ።

ድካምሽ ሜዳ ላይ አልወደቀም፣ አትዘኚብኝ። ለባለሙያዋ ግን ይህን አትንገሪያት፣ አደራ።

ሥራሽ ይቃናልሽ፣ ክፉ አይይሽ። ድምፅሽን አያሳጣኝ።

ደግሞ ስትመጪ እንደ ድሮው በሩን በጡጫ አትደብድቢው። በጣትሽ ጫፍ ነካ አድርጊው፣ እከፍትልሻለሁ።

የሚሰማሽ አባትሽ