ስለ ልጅዎ ትምህርትና ስለ ብረት ጋሪዬ

ለታላቅ ወንድሜ፣

ጋሼ፣ ከራስ ጠጉርዎ እስከ እግር ጥፍርዎ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? ዓይንዎስ እንዴት ሆነ? ባለቤትዎ ካረፉ ወዲህ ቤቱ እንዴት ይዞዎታል? እኔ ወገቤን ከሚያመኝ በቀር ደኅና ነኝ።

ደብዳቤዎ ደረሰኝ። ልጅቱ ትምህርቷን አቁማ ቤት ትያዝ ብለው መቁረጥዎን አነበብኩ። ያስጻፉትም ራሷን ነው። ጽሕፈቷ ሲያምር! እኔም በእሷ ዕድሜ “ለሴት ፊደል ምን ይሠራላታል” ተብዬ ቀርቻለሁ፤ ያሉትም እርስዎ ነዎት። አልረሳሁትም።

ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ምን እንደሠራልኝ ልንገርዎት።

የማጸዳው ቤት ተመራማሪዎች አቶም የሚያጠምዱበት ነው። አቶሞቹን ከየትኛውም በረዶ በላይ አቀዝቅዘው በማግኔት ጉልበት አየር ላይ ያንጠለጥሏቸዋል። የማግኔቱ ሽቦም እጅግ ስለሚቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ ቅንጣት ሳይባክን ይዞርበታል። ከዚያ አቶሞቹን ደርድረው፣ ኮምፒውተር ማስላት ያቃተውን የሌላ ቁስ ጠባይ ያስመስሏቸዋል። ይህን ያስረዳችኝ የክፍሉ ኃላፊ ናት፤ ግማሹ ገብቶኛል።

ሰሞኑን ታዲያ አቶሞቹ በድንገት ይጠፉ ጀመር። የጠፉበትን ሰዓት ሰሌዳ ላይ ጻፉ፤ ምክንያቱ ይህ ይሆናል ብለው ሊፍቱን ጻፉ፣ ውጭ የሚያልፈውን የጭነት መኪና ሳይቀር ጻፉ። እኔን የጻፈኝ የለም። ከሰሌዳው ሥር ስጠርግ ቀና ብዬ ሰዓቶቹን አነበብኩ። የብረት ጋሪዬን እየገፋሁ በበሩ የማልፍባቸው ሰዓቶች ናቸው።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ተናገርኩ። ቴክኒሻኑ “እማማ፣ እርስዎም ፊዚክስ ገቡ?” ብሎ ሳቀ። “አንተ ሳቅ፣ እኔ ልግፋ” አልኩት። ሦስት ጊዜ ገፋሁ፣ ሦስት ጊዜ ጠፉ። ለካ ብረቱ ማግኔቱን ያዛባው ኖሯል። ኃላፊዋ የፕላስቲክ ጋሪ አስመጣችልኝ። አሁን የእኔም ሰዓት ሰሌዳው ላይ ይጻፋል፤ የምጽፈው ራሴ ነኝ።

ደስ አለኝ። ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን አንጀቴ አረረ። ይህ ዓይን በአሥራ አራት ዓመቴ ቢከፈትልኝ የት በደረስኩ?

ጋሼ፣ ቤት የሚይዝልዎ ካጡ እኔ እመጣለሁ። ጋሪውን ለሌላ አስረክባለሁ። ለእርስዎ ስል እንዳይመስልዎት። ቤት መያዝ እኔ ተምሬ ጨርሻለሁ። ልጅቱ ግን ነገ ጠዋት ትምህርት ቤት ትሂድ።

ለአማትዎ፣ ለታናሽ ልጅዎ፣ ጓሮዎን ለሚያርምልዎ ጎረቤት ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። አንቺም የምታነቢላቸው ልጄ፣ አንዲት መስመር እንዳታልፊ። መልሳቸውን ከመጻፍሽ በፊት ደብተርሽን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺ።

እህትዎ
ከማድርበት ክፍል፣ ጥቅምት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.