ዕቃውን ሳያዩ የማይፈርሙት የአቶ ሥዩም ላቀው የሕይወት ታሪክ

አቶ ሥዩም ላቀው ከአባታቸው ከአቶ ላቀው ሄራሞና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዳመነች አኒቶ በ1945 ዓ.ም. በሆሳዕና ከተማ ተወለዱ። ቀኑ ጥቅምት 12 ነው ይባላል፤ እርሳቸው ግን «ማን ጻፈው? ምስክሩስ?» እያሉ እስከ መጨረሻው አላመኑበትም። ይህንንም ታሪክ ዘመድ ሳይሆን ጎረቤታቸው ባየሽ እንድትጽፍ ያዘዙት «ዘመድ ያጋንናል» ብለው ነው።

ትምህርታቸውን በሆሳዕናና በሻሸመኔ አጠናቀው በ1966 ዓ.ም. በአንድ የእርሻ መሣሪያዎች መጋዘን በንብረት ክፍል ተቀጠሩ፤ በኋላም የመጋዘኑ ኃላፊ ሆኑ። የዕቃ መረከቢያው ቅጽ ሞዴል 19 ይባላል። አቶ ሥዩም ዕቃውን በዓይናቸው ሳያዩና በእጃቸው ሳይነቀንቁ ሞዴል 19 ፈርመው አያውቁም። አንድ የበላይ ኃላፊ ፈርም ብሎ ቢጮህባቸው፣ «ጌታዬ፣ ቁጣዎን ተረክቤያለሁ፤ ዕቃው ግን ገና አልደረሰኝም» አሉት ይባላል።

በ1974 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሙሉወርቅ በየነ ጋር ጋብቻ መሥርተው ናዝራዊትንና እሴይን አፍርተዋል። ወ/ሮ ሙሉወርቅ «እኔንም እኮ አገላብጦ አይቶ ነው የፈረመልኝ» ይላሉ።

ቤተሰቡ እ.ኤ.አ. በ2006 በዲቪ ወደ ሲያትል መጣ። ደብዳቤው የደረሰ ጊዜ አቶ ሥዩም «ሰው በነጻ አገር አይሰጥም፤ ከጀርባው አንድ ነገር አለ» ብለው ማኅተሙን ሳምንት ሙሉ በፀሐይ ብርሃን ሲመረምሩ ሰንብተዋል። ከዚያም ሲታክ በምትባለው ከተማ በአንድ የኤርፖርት ፓርኪንግ ጡረታ እስኪወጡ በታማኝነት ሠርተዋል።

የሚኖሩበት አፓርትመንት በየአቅጣጫው አራት መወጣጫ ደረጃዎች አሉት። እንደ ልማዳቸው የደረጃዎቹን መደገፊያ ብረት ሲነቀንቁ ሁሉም ላልቶ አገኙት። በናዝራዊት እጅ ለሕንፃው ባለቤት ሦስት ደብዳቤ አስጽፈው ላኩ፤ ኮፒውንም አስቀሩ። «ኦኬ፣ ኦኬ» ከመባል በቀር የመጣ ሰው አልነበረም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2018 ዝናብ በጣለበት ቀን ቆሻሻ ሊጥሉ ሲወርዱ ብረቱ ከነእርሳቸው ተነቅሎ ወረደ፤ ዳሌያቸውም ተሰበረ። ባየሽ ሮጣ ስትደርስ ከወደቁበት ሆነው የተናገሩት የመጀመሪያው ቃል «ብረቱን እንዳትነኪው፣ ማስረጃ ነው» የሚል ነበር።

ጠበቃ ያዙ። የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ ሦስት ደብዳቤ ደርሶት ዝም ያለ ባለቤት ይቀጣልኝ። ካልተቀጣ የቀሩትን ደረጃዎች አይሠራም፤ ያኔ እርጉዝ የነበረችው ጎረቤታችን ሚሪያም ነገ ትወድቃለች። ጠበቃው መለሰ፤ አስተርጓሚውም በስልክ «በዚህ ስቴት የቅጣት ጉዳት የለም» አለ። በአቶ ሥዩም ጆሮ የገባው «ጉዳት የለም» የሚለው ብቻ ነው። «ዳሌዬ ውስጥ ብረት ተቀብሮ ጉዳት የለም ይሉኛል? ይሄ ሰውዬ ተሽጧል!» ብለው አሰናበቱት። ሊንውድ ድረስ ሄደው ሌላ ጠበቃ ያዙ፤ በሌላ አስተርጓሚ ያው ቃል መጣ። «ተመካክረዋል» አሉ። ባየሽ ልታረጋጋቸው ብትሞክር እርሷንም «አንቺ ደግሞ ለማን ሆነሽ ነው?» አሏት።

ነገሩን የፈታችው በፍርድ ቤት አስተርጓሚነት የምትሠራው የቤተ ክርስቲያናቸው አባል ሠርካለም ናት። «ጋሼ ሥዩም፣ ‹ዳሜጅ› ጉዳት ነው። ‹ዳሜጅስ› ሲሉ ግን ፍርድ ቤት የሚያስከፍለው ካሳ ማለታቸው ነው። ለደረሰብዎ ጉዳት ካሳ አለ። ባለቤቱን ለመቅጣት ተብሎ የሚጨመረው ግን ዋሽንግተን ውስጥ ሕግ ለይቶ ካልፈቀደ በቀር የለም።»

አቶ ሥዩም ሁለቱንም ቃላት በአፋቸው ደጋገሙ። «አንዲት ‹ስ› ናት እንዲህ የተጫወተችብኝ?»

ናዝራዊትም ሕጉን አጣርታ «ዳድ፣ ኢትስ ትሩ፣ እውነት ነው» አለቻቸው፤ ሁለት ጊዜ አስነበቧት። ከዚያ የመጀመሪያውን ጠበቃ ኮል አድርገው፣ «ተሽጧል ያልኩትን አንስቻለሁ፤ መጠርጠሬን ግን አላነሳሁም» ብለው ጉዳዩን መለሱለት።

ባለቤቱ የስምምነት ወረቀት ላከ፤ ካሳውን እከፍላለሁ፣ እርስዎ ደግሞ ስለ ብረቱ ለማንም አይናገሩም የሚል። ልጆቹ ለመኗቸው፤ ወ/ሮ ሙሉወርቅም «ፈርምና እንገላገል» አሉ። አቶ ሥዩም ግን «ካሳው ለእኔ ነው፤ ለሚሪያም የሚደርሳት የታለ? ቅጣት ከሌለ ብረት ይኑር» ብለው እምቢ አሉ። የአራቱም ደረጃዎች ብረት እንዲቀየር፣ የዝምታውም አንቀጽ እንዲወጣ አስጻፉ። በዚህ ክርክር ከዓመት በላይ ሄደ፤ ያ ሁሉ ጊዜ በዎከር ተደግፈው ሲመላለሱ ሁላችንም «ይሄ ሰውዬ እልኸኛ ነው» ስንል ነበር።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2021 ብረቱ ተቀየረ። አቶ ሥዩም ዎከራቸውን እየገፉ ከደረጃ ደረጃ እየዞሩ አንድ በአንድ ነቀነቁት። ሦስተኛው ላይ አንድ ብሎን ላልቶ ተገኘ፤ ሠራተኛው ተጠርቶ አጠበቀው። ያን ጊዜ ፈረሙ፤ ከፊርማቸውም አጠገብ በአማርኛ «ቆጥሬ ተረክቤአለሁ» ብለው ጻፉ። የባለቤቱ ጠበቆች ምን ሸረበብን ብለው አስተርጓሚ ፍለጋ መሮጣቸውን ሲሰሙ እጅግ ደስ አላቸው።

ባደረባቸው የልብ ሕመም ለአንድ ዓመት ሲታከሙ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 2025 በሰባ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ከባለቤታቸው ከወ/ሮ ሙሉወርቅ በየነ ሁለት ልጆችን አፍርተው ሦስት የልጅ ልጆችን ለማየት በቅተዋል።

ይህን ጽሑፍ በሕይወት ሳሉ አስነብበው ሰምተውታል። «ለሁሉም ደግ ነበሩ» የሚለውን «ሁሉም ማነው? ስም ዝርዝር አለሽ?» ብለው አሰርዘውታል። እነሆ ዝርዝሩ፤ የመጀመሪያዋ ቢልቂስ ትባላለች፣ የሚሪያም ልጅ ናት፤ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በየጠዋቱ ያንን ብረት ይዛ ወደ ትምህርት ቤት ትወርዳለች።

ከቀብር በኋላ ለለቅሶ ወደ ቤታቸው ስትወጡ ብረቱን ያዙት፤ ነቅነቅም አድርጉት። የላላ ካገኛችሁ ለባየሽ ንገሯት፣ ደብዳቤ ትጽፋለች።

ቤተ ክርስቲያናቸው «ወደ ጌታ ተሰበሰቡ» ትላለች፤ ጎረቤቶቻቸውም በለመድነው ነፍሳቸውን ይማር እንላለን። የሰጠውን ቆጥሮ የሚያውቅ አምላክ አቶ ሥዩምን ሳያጎድል ይረከብልን፤ ቤተሰባቸውን ያጽናና። አሜን።