ቅቤ ያልነካው ኬክ

የዓይኔ ብርሃን፣ እንደምን ከረምሽልኝ? በሄድሽበት ሁሉ ይቅናሽ። አባትሽ ጉልበቱን ከማማረሩ በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

የጎረቤታችን የልብስ ሰፊዋ ልጅ ወተትና ቅቤ ከቀመሰች ፊቷ ያብጣል፤ ከሰው ልደት ሁሉ ኬክ አይታ ብቻ ትመለስ ነበር። ለእህትሽ ልጅ ልደት ግን «ዘንድሮስ አትመለስም!» አልኩ። መጀመሪያ በቅቤው ፈንታ አቮካዶ ፈጭቼ ጋገርኩ። አባትሽ አረንጓዴውን አይቶ «ይሄ ለሰው ነው ለበግ?» አለኝ። ሁለተኛውን በዘይትና በበሰለ ሙዝ አቦካሁት፤ እንደ ጥጥ ለሰለሰልኝ።

በልደቱ ቀን ቁራሽ ስሰጣት ልጅቷ እጇን ወደ ኋላ ደበቀች።

«ያንቺም ነው፣ ብዪ» አልኳት።

እናቷን አየች። እናቷም «ብዪ እንጂ!» አለቻት። ሦስቴ አስጨመረችኝ! ጣቷን ስትልስ እናቷ እየሳቀች አለቀሰች።

አንቺም በደረቅ ዳቦ አትዋዪብኝ፤ ትኩስ ነገር ሠርተሽ የማዕድሽን ፎቶ ላኪልኝ። እንቅፋት አይንካሽ፣ እናትሽ ልሙትልሽ።