ለክቡር የቅበላ ዲን፦ እባክዎ እምቢ ይበሉኝ

ጥቅምት 2007 ዓ.ም.
አርባ ምንጭ፣ ሴቻ

በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ለሚገኘው፣ ከመቶ አመልካች አምስቱን ተቀብሎ በዘጠና አምስቱ ለሚኮራው ዩኒቨርሲቲ፣
ለቅበላ ጽሕፈት ቤት ዲን

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ ለባልደረቦችዎ፣ እንዲሁም በጻፍንልዎ ቁጥር ዓይኑን ሳያሽ ለሚመልስልን ለዚያ ትጉህ ኮምፒውተርዎ ጤናና ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። እኛ እዚህ ደህና ነን። ዓባያና ጫሞ በቦታቸው ናቸው፣ ሙዙ ደርሷል፣ አባቴ ደግሞ መልስዎን እየጠበቀ ነው።

እኔ ሩሐማ ኦይታ እባላለሁ። ባለፈው መጋቢት “አልተቀበልንሽም፣ አልጣልንሽምም፤ ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ስለሆንሽ በትዕግሥት ጠብቂ” የሚል ደብዳቤ የጻፉላት ልጅ ነኝ። እንደዚያ ያሉት ስንቱን እንደሆነ ስለማላውቅ ባያስታውሱኝ አልቀየምም። የዛሬው ልመናዬ አጭር ነው፤ እባክዎ እምቢ ይበሉኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ምክንያቱን ከዚህ በታች አስረዳለሁ፤ ከጊዜዎ ብዙ አልወስድም፣ ቢያንስ እርስዎ ከወሰዱብኝ ያነሰ ነው።

በአማርኛ መጻፌ ንቄዎት አይደለም። ማመልከቻው ላይ “የራስሽን ድምፅ መስማት እንፈልጋለን” ብለው ነበርና ይኸው ድምፄ ነው። በእንግሊዝኛው ደብዳቤዎ ማን ተጠቀመ? የእንግሊዝኛ አስተማሪዬ መምህር በርናባስ እንኳ ደጋግመው ካነበቡት በኋላ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እንደሚያውቋቸው፣ ቃላቱ ተሰብስበው ምን እንዳሉ ግን እንዳልገባቸው ነው የነገሩኝ። ደብዳቤዬን ፌስቡክ ላይ የማወጣውም በድፍረት አይደለም። አባቴ ፌስቡክን የሥራ ፈቶች መንደር ነው ስለሚል በዚያ አያልፍም።

አንደኛ፤ ስለ ድርሰቱ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ሕይወቴን የቀየረ መከራ እንድጽፍ አዘዙኝ። እውነቱን ለመናገር ደስተኛ ልጅ ነበርኩ፣ ይህም ትልቅ ችግር ሆነብኝ። ወዲያው ቤታችን ውስጥ የመከራ ፍለጋ ተጀመረ። እናቴ ወይዘሮ ሸዋነሽ አልጋ ሥር የሚገኝ ይመስል ጓዳ ገብታ ፈለገች፤ አባቴ የራሱን የልጅነት መከራ ሊያውሰኝ ፈቀደ፤ ጎረቤቶችም ያላቸውን አዋጡ። በመጨረሻ ስለ ወባዬ ጻፍኩ። በድርሰቱ ውስጥ ልሞት ደርሼ ነበር። በእውነቱ ግን የአሳ ጥብስ ሽታ ሲደርሰኝ ነው ከአልጋ የተነሳሁት። መከራዬ ስላነሰ ከሆነ ያልወሰኑት፣ ካለፈው መጋቢት ወዲህ ያለውን እንዲጨምሩልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ድጋፍ ደብዳቤው። መምህር በርናባስ “ጠባይዋ መልካም ነው፣ ሰዓት ታከብራለች፣ የሰው ንብረት አትነካም” ብለው ጽፈው የትምህርት ቤቱን ማህተም አሳረፉበት። እኛ ዘንድ ከዚህ በላይ ሙገሳ የለም።

ሦስተኛ፤ ዋናው ይኸኛው ነው። አባቴ አቶ ኦይታ ከውሃ ሥራ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው ሽምግልና ነው። ከሴቻ እስከ ምዕራብ ዓባያ ልጅ ለመጠየቅ ሰው ሲታሰብ መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው፤ በመጨረሻ እሺ ሳይባል ቀርቶም አያውቅም። ክቡርነትዎ ወጋችንን ላያውቁ ይችላሉ። ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲሄድ የልጅቱ ቤተሰብ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ እሺ ካለ ልጅቱን አራከሰ ይባላል። ስለዚህ “ከዘመድ እንማከር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ” ብሎ በአክብሮት ይሸኛል። የማይፈልግ ከሆነ ደግሞ እዚያው ቁርጡን ይናገራል። “ቆዩ” የተባለ ሽማግሌ እንግዲህ ወደ ቤቱ የሚመለሰው በልቡ ድግሱን እየደገሰ ነው።

ደብዳቤዎን ተርጉሜ ስነግረው አባቴ “ጠብቂ አሉሽ?” አለኝ። አዎ አልኩት። “በቃ፣ ሰጥተውናል” አለ።

በዚህ ትርጉም መሠረት ዩኒቨርሲቲዎ የተጠየቀችው ልጃገረድ፣ እኔ ደግሞ ሊያገባ የቋመጠው ጎረምሳ ሆንኩ። በማግሥቱ ሰፈሩ እንኳን ደስ አላችሁ ሊል መጣ። ነገሩ እንደሱ አይደለም ብዬ ለማስረዳት ብሞክርም፣ ሙሽራ በሽማግሌዎች ንግግር ውስጥ እንደማይገባ ተነገረኝ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ለተወሰኑ ቀናት እኔም አምኜ ነበር። በታችኛው ከተማ በሲቀላ ጎዳና እንደ ዶክተር እየተራመድኩ አልፌአለሁ። በረዶ እንዴት እንደሚረገጥ ከጓደኛዬ ከትሁት ጋር ግቢያችን ውስጥ ተለማምደናል።

ሽማግሌ ተመለሱ ከተባለ መመለስ አለበት። ችግሩ የእርስዎ ደጅ የት እንደሆነ አለመታወቁ ነበር። አባቴ ሁለት ባልንጀሮቹን ጠራ። አንደኛው የዶርዜው ሸማኔ አቶ ዳና ናቸው፤ ገና የእንኳን ደስ አላችሁ ዕለት ለክቡርነትዎ ጋቢ መሸመን የጀመሩት። ሁለተኛው ከጎጃም መጥተው በዞኑ ቢሮ አርጅተው ጡረታ የወጡት አቶ ይበልጣል ናቸው፤ እንግሊዝኛም የቢሮ ጠባይም ያውቃሉ። ከተመካከሩ በኋላ የእርስዎ ደጅ ሲቀላ ያለው የአበቡ ኢንተርኔት ቤት እንደሆነ ተስማሙ።

ሦስቱም ነጭ ለብሰው፣ እርጥብ ሣር ይዘው ሚኒባስ ተሳፈሩ። በጋሞ ምድር እርጥብ ሣር ይዞ የቆመ ሽማግሌ ሲያይ ጦር የመዘዘ ሰው እንኳ ይመለሳል። አበቡ ወንበር ብታቀርብላቸው እምቢ አሉ፤ የመጡበት ሳይሰማ ሽማግሌ አይቀመጥማ። ኮምፒውተሩ ፊት ተሰልፈው ቆሙ። አበቡ ፎቶ አነሳቻቸው፣ እኔም “ደጅዎ ቆመናል” ብዬ ጽፌ ፎቶውን አያያዝኩት። ኔትወርኩ እንደሚያውቁት ነው፤ አያውቁትም እንጂ። ፎቶው እየተንፏቀቀ ግማሽ ሲደርስ መብራት ጠፋ። ሽማግሌዎቹ አልተቀመጡም። ጄኔሬተሩ ተነሳ፣ እንደገና ጀመርን። ፌስቡክ ሊያዩ የመጡ ወጣቶች ነገሩ ምን እንደሆነ ባይገባቸውም፣ ነውር ነው ብለው ኮፍያቸውን አውልቀው አብረው ቆሙ። ክቡር ሆይ፣ በጽሕፈት ቤትዎ ታሪክ ይህን ያህል ሰው ቆሞ የተላከ ኢሜይል መኖሩን እጠራጠራለሁ።

መልስዎ ግን ቅጽበት አልፈጀም። መልእክታችን እንደደረሰዎት፣ ብዙ ደብዳቤ እንደሚመጣልዎት፣ ተጨማሪ ነገር እንዳንልክ ይላል። አቶ ይበልጣል መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ጉዳዩ ተመዝግቧል፣ እጅ መንሻ አያስፈልግም እያሉ ነው ብለው ተረጎሙት። አባቴ በጨዋነትዎ ልቡ ተነካ። አቶ ዳና ግን ሰው ባይፈልግም ጋቢ አይጠላም ብለው ሽመናቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ ወዲህ ደጋግመው ሄደዋል፤ ያው ኮምፒውተርዎ ያንኑ መልስ በዚያው ፍጥነት ሰጥቷቸዋል። ክረምቱ አለፈ፣ አዲስ ዓመት ገባ። ባለፈው ሰሞን አባቴ ወደ ሴቻ ዳገቱን ስንወጣ ቆም ብሎ “የነዚህ ሰዎች ዘመድ ስንት ቢሆን ነው ተማክረው ያልጨረሱት?” ብሎ ጠየቀኝ። ለክቡርነትዎ የማስተላልፈው ጥያቄ ካለኝ እሱ ነው።

አራተኛ፤ በዚህ መሐል አንድ ሌላ ቤት እሺ ብሎኛል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ ጥሩ ነበርና ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመድቤአለሁ። የአዲስ ተማሪዎች ምዝገባ በዚህ ሳምንት ያልቃል። ትሁት ሻንጣዋን ዘግታ ወደተመደበችበት ሄዳለች፤ የኔ ሻንጣ ግን አባቴ በሌለበት እናቴ እየተኮሰች በምትከታቸው ልብሶች ተሞልቶ ከበሩ ጀርባ ተደብቋል። አባቴ ግን አይሆንም ብሏል። ሽማግሌ ልኮ መልስ እየጠበቀ ያለ ሰው የሌላ ሰው ደጅ ቢረግጥ ነውር ነው፤ ከአሜሪካኖቹ ጋር የገባነውን ቃል አናፈርስም ይላል። ክቡርነትዎ ስለ እኔ ግድ ባይሰጥዎት እንኳ፣ በዚህ ዓለም ላይ ለተጠባባቂ ዝርዝርዎ ይህን ያህል ታማኝ የሆነ አንድ ሰው እንዳለ ያውቁልኝ ዘንድ ፈለግሁ።

እኔ አልቅሼ ጨርሻለሁ። ሐምሌ ላይ ሽንት ቤት ተቆልፌ በደንብ ነው ያለቀስኩት፤ አሁን እንዲያውም ሳስበው ሳቄ ይመጣል። የሚያሳዝነኝ አባቴ ነው። እምቢ የተባለ ሽማግሌ ሣሩን አስቀምጦ፣ ባርኮ ወደ ቤቱ መሄድ ያውቅበታል። ቆይ የተባለ ግን መቀመጥም መሄድም አይችልም። ጉልበቱን ያመዋል፣ ክቡር ሆይ። አንድ ቃል ይጻፉለት። ማህተም ባይኖረውም ግድ የለም።

ታላቅነትዎን ከሩቅ ሆኜ እያደነቅሁ፣ በሩን ሳይከፍቱ ሳይዘጉም ይህን ያህል ጊዜ ለመቆም የሚያስችልዎትን የክንድ ብርታት እግዚአብሔር እንዳይነሳዎት እየጸለይኩ፣ እስከ ምዝገባው መዝጊያ ድረስ ብቻ ታዛዥዎ የሆንኩት፣

ሩሐማ ኦይታ

ግልባጭ፦
ለአቶ ዳና (ጋቢው ስላለቀ፣ የክቡርነታቸው ቁመት እስኪታወቅ በትዕግሥት እንዲጠብቁ)
ለትጉሁ ኮምፒውተር (እንዲያውቀው)

ተጨማሪ፦ የዚህን ደብዳቤ ፍሬ ነገር በእንግሊዝኛ አሳጥሬ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከአበቡ ቤት ልኬልዎ ነበር። ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዳቸው ከኋላዬ ቆመዋል። መልሱ ወዲያው መጣ። መልእክትሽ ደርሶናል፣ ወደዚህ አድራሻ መልስ አትጻፊ ይላል። አባቴ ምን አሉ ሲለኝ፣ እምቢ ብለዋል አልኩት።

አላመነኝም፤ ዞሮ አቶ ይበልጣልን አያቸው። አቶ ይበልጣል ጎንበስ ብለው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፣ እኔን አዩኝ፣ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። “እምቢ ብለዋል፣ አቶ ኦይታ። በግልጽ ነው ያሉት” አሉ።

አባቴ ሣሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። “ጨዋ ሰዎች ናቸው። ሰው አያንከራትቱም” አለ። ከዚያ ነገ ጠዋት ስንት ሰዓት ላይ አውቶቡስ እንዳለ አበቡን ጠየቃት።

አባቴ አመስግኝልኝ ብሏል፤ ምስጋናው ባይገባዎትም አደራ ነውና አድርሻለሁ። እኔ ስሄድ አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ፤ ዝርዝርዎ አንድ ቀን ተንቀሳቅሶ ተራዬ ቢደርስ፣ እባክዎ እንደ ልማድዎ ዝም ይበሉ። አባቴ ዘንድ ጨዋ እንደሆኑ ይቅሩ።